«ምርጫዬ ነው» ስንል

እህቶቼ፣ ትቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ልናገረው። ባለፈው እሁድ ዶራ ተሰብስበን ሳለ አንዷ ልጅ ሱዳናዊ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ገና ዞር ከማለቱ «ከዚህ ጥቁር ጋር ምን አገናኘሽ? ቀይ ወንድ ጠፋ?» ተባለች። ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

ማታ ዕቃ ሳጥብ ከነከነኝ። እዚህ ቤይሩት ቢሮው ደሞዝ የሚተምንልን በሙያችን ነው እንዴ? ፊሊፒንስ ይህን ያህል፣ አበሻ ከዚያ ያነሰ እያለ በአገራችን ነው። ማዳሞቹም «ምርጫችን ነው» ይላሉ። ያኔ እኛ እናለቅሳለን።

የማትወጂውን ውደጂ አልልም። ግን ስሙን እንኳን ሳትጠይቂ በቆዳው ብቻ ከጣልሽው፣ ከማዳም በምን ተለየሽ? ፊት የሚያቀላ ክሬምስ በላባችን የምንገዛው ለማን ብለን ነው?

እሁድ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እሱንም፣ ደግማ ካመጣችው።