ባዶ ቱቦ

በሂርና አዲስ የሚሠሩትን ቤቶች አያለሁ። ለመብራቱ ቱቦ ይቀበራል፤ ለኢንተርኔት ግን የሚያስብለት የለም። «መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው» ይሉኛል። በባንክ መስኮት ስንት ጊዜ «ሲስተም የለም» ያልኩ ሰው ነኝና ነገሩ አይዋጥልኝም።

ባዶ ቱቦ መብራት አይጠይቅም። ግድግዳው ሳይለሰን ከተቀበረ ወጪው ኢምንት ነው፤ ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ ግን መሮ ይነሣል፣ ቀለም ይበላሻል፣ ለግንበኛ እንደገና ይከፈላል። ይህን የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነው። ተከራይማ የሰው ግድግዳ በምን አቅሙ ይነድላል? የእርሱ ልጆች በአንዲት ስልክ ዳታ እየተሻሙ ያጠናሉ።

እንግሊዝ ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ቤት ለፈጣን ኢንተርኔት ተሰናድቶ እንዲሠራ በሕንፃ ደንቧ አስገድዳለች፤ ለአንድ ቤት የወጪውን ጣሪያም 2,000 ፓውንድ አድርጋለች። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። ከመንገዱ እስከ ሳሎኑ የሚደርስ አንድ ቱቦ፣ በውስጡም መጎተቻ ሽቦ፤ በቃ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር የደነገገው በ2001 ዓ.ም. ነው። ፕላን የሚመረምር ባለሙያ አለ ማለት ነው። እንግዲያው ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት አንዲት ጥያቄ ይጨምር፦ የኢንተርኔቱ መሥመር በየት በኩል ይገባል?