«አግባብ ያለው ጥያቄ» የማን ነው?

ትግራይ ውስጥ ቁሓ ላይ አደይ (እናቴ) እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤት አሉኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ልብስ ካጠቡ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ይውላሉ፤ ተኝተው ቢያድሩም ደክመው ይነቃሉ። ሐኪም «ጭንቀት ነው» አላቸው፤ ሰፈሩ «ሰነፉ» አላቸው። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሁን አይሁን የመረመረ የለም። ከመጠይቅ ግን አላመለጡም። አንድ መረጃ ሰብሳቢ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ድካማቸው፣ ስለ ሐዘናቸው ሲጠይቃቸው አርፍዶ፣ አስፈርሟቸው ሄደ። «ልጄ፣ ያ የጻፈው ነገር የት ደረሰ?» ይሉኛል።

እንዲህ ያለው ጥናት ሲታተም ግርጌው ላይ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፦ መረጃው አግባብ ባለው ጥያቄ ከጸሐፊው ይገኛል። ይህን እንደ ግልጽነት መቁጠር ለምደናል። እኔ የተቆለፈ በር ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ቃል የሰፈረባቸውን የ1,792 ጽሑፎች ባለቤቶች መረጃውን ጠይቆ ነበር፤ የሰጡት 122ቱ ብቻ ናቸው።

መረጃ መቆለፉ ምን እንደሚያስከትል ይኸው ሥር የሰደደ የድካም ሕመም አሳይቶናል። ፔስ የተባለው የእንግሊዝ ሙከራ 641 ሕሙማንን ይዞ፣ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሕዝብ ገንዘብ ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። የንግግር ሕክምናና ደረጃ በደረጃ የሚጨምር እንቅስቃሴ ይረዳሉ አለ፤ በ2013 ደግሞ በሁለቱም 22 በመቶው አገግሟል ተባለ። እንቅስቃሴው ያባሰባቸው ሕሙማን ይህን ሊያምኑ አልቻሉም። ስሌቱን ሲመረምሩ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። በአካላዊ አቅም መለኪያው 65 ነጥብ ያለው ሰው ሙከራው ውስጥ ለመግባት የሚበቃ ሕመምተኛ ነበር፤ በዚያው መለኪያ ለማገገም ግን 60 ይበቃ ነበር። መጀመሪያ የተያዘው ልክ 85 ነው፤ በኋላ ዝቅ ተደረገ።

አንድ አውስትራሊያዊ ሕመምተኛ በ2014 ስም የሌለበትን የፔስን ጥሬ መረጃ ጠየቀ። መረጃውን የያዘው የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ላለመስጠት ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሕግ ክርክር አወጣ። ጉዳዩን ያየው ችሎት በ2016 ስጡ ብሎ ፈረደ። በመጀመሪያው ልክ ሲሰላ 22 በመቶ የተባለው ወደ 7 እና 4 በመቶ ወረደ፤ ሁለቱንም ሳያገኙ መደበኛ የሐኪም ክትትል ብቻ የነበራቸው 3 በመቶ ነበሩ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ያን የእንቅስቃሴ ሕክምና በ2021 አስቀረ። መረጃው ተቆልፎ በከረመባቸው ዓመታት «ተነሣ፣ ተንቀሳቀስ» እየተባለ የወደቀውን ሰው ሳስብ ያመኛል።

መረጃ ላለመክፈት የሚሰጠው «የሰው ምስጢር አይወጣም» የሚለው መልስ በትግራይ ቀልድ አይደለም። እዚህ አንድ ስም ቢወጣ ቤት ያፈርሳል፤ በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶችን ታሪክ ሜዳ ላይ ይጣል የሚል የለም። ምስጢር ጠብቆ መክፈት ግን ይቻላል፤ አገራችንም ታውቀዋለች። ትግራይን ጨምሮ 16,650 ቤተሰብ የተጠየቀበት እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥሬ መረጃ ስም ተነሥቶለት፣ የተጠየቀው ሰፈር መገኛ ነጥብ እንኳ ሆን ተብሎ በከተማ እስከ 2፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ተዛውሮ፣ ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ ሲሰጥ ኖሯል። ይህ እያለ ምስጢርን ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ተጠያቂዎቹን መበደል ነው።

ሕግም አለን። አዋጅ 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከዚህ አይወጣም። የከፍተኛ ትምህርት የግልጽ ተደራሽነት ፖሊሲም እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቋል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ግን ጥናት ሲፈቅድ መረጃው በኋላ የት ይቀመጣል ብሎ አጥብቆ አይጠይቅም፤ ተጠያቂዋ የምትፈርምበት ወረቀትም አይነግራትም።

የትግራይ ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማው ተዘርፎ ነበር። አልጋና መድኃኒት በጠፋበት አገር በአንድ ተመራማሪ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የተቀመጠ መረጃ ነገ ይኖራል ብሎ ማን ይማልልናል? አደይ ስለ ድካማቸውና ስለ ሐዘናቸው የተናገሩትን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ለሌላ መረጃ ሰብሳቢ መናገር የለባቸውም። አቅሙም የላቸውም።