ዕጢው ቆመ… ሴትየዋስ?

«መንግሥት ከታመሙ ሴቶች እጅ መድኃኒት ነጠቀ!» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አቫስቲን የሚባለው መድኃኒት ለጡት ካንሰር የነበረው ፈቃድ ሲሰረዝ ያልተባለ ነገር የለም። ሹማምንቱ ጨካኝ ተባሉ፣ ከነፍስ ይልቅ ገንዘብ የሚቆጥሩ ተባሉ። ዛሬም ድረስ ነገሩን እንደ ግፍ የሚያወራ አለ። እኔ ደግሞ መሰረዙ ልክ ነበር ባይ ነኝ። መጮህ የነበረብን ፈቃዱ ሲሰረዝ ሳይሆን ሲሰጥ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጣም ከሚያምር ሐሳብ ነው። ቦስተን ውስጥ ጁዳ ፎክማን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1971 አንድ ጽሑፍ አወጣ። የካንሰር ዕጢ ከአንድ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ለማደግ የራሱ የደም አቅርቦት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በአካባቢው ወዳሉት የደም ሥሮች መልእክት እየላከ አዲስ ቅርንጫፍ ያስበቅላል፤ ይህን ብንዘጋበት ይራባል አለ። ከጎረቤት ቧንቧ ሳያስፈቅድ ውኃ የቀጠለ ቤት አስቡ… መስመሩን ቁረጥበት ነው ነገሩ። ብዙ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም። በ1989 ግን በጄነንቴክ ኩባንያ የሚሠሩት ናፖሊዮኔ ፌራራና ጓደኞቹ ከነዚያ መልእክቶች ዋነኛውን፣ ቪኢጂኤፍ የሚባለውን፣ ለይተው አወጡ። አቫስቲን እሱን መንገድ ላይ ይዞ የሚያስቀር መድኃኒት ነው። በ2004 ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ እዚያ የታማሚዎችን ዕድሜ በወራት ጨምሯል። እስከዚህ ጭብጨባው ይገባዋል።

ከዚያ የጡት ካንሰር ተራ ደረሰ። ኢ2100 በተባለው ጥናት ፓክሊታክሴል የተባለውን ኬሞ ብቻ የወሰዱ ሴቶች በሽታቸው ሳይባባስ የቆየው 5.9 ወር ያህል ነበር። አቫስቲን የተጨመረላቸው ደግሞ 11.8 ወር። እጥፍ! ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ እጁ ወደ አርእስት ይሮጣል፤ እኔንም ያምረኛል። ችግሩ ያለው «ሳይባባስ» የምትለው ቃል ላይ ነው። የተለካው ዕጢው በምስል ላይ ሳያድግ የቆየበት ጊዜ እንጂ ሴትየዋ የኖረችበት ጊዜ አይደለም። ዕድሜያቸው ሲቆጠር አቫስቲን ያገኙት 26.7 ወር፣ ያላገኙት 25.2 ወር ሆነ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ዕጢ ሞኝ አይደለም። የደም ሥር የሚያስበቅለው በአንድ መልእክት ብቻ ስላልሆነ አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይልካል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል፦ የደም ግፊት፣ መድማት፣ የልብ ድካም፣ አልፎ አልፎም የአንጀት መበሳት። ይህን ሁሉ ተሸክማ ዕድሜዋ ካልጨመረ፣ ኑሮዋም ካልቀለለላት፣ «እጥፍ» የሆነው ለማን ነው?

የኤፍዲኤ አማካሪዎች ይህ ታይቷቸዋል። በታኅሣሥ 2007 በ5 ለ4 ድምፅ አይፈቀድ አሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን በየካቲት 2008 ፈቀደ፤ ተጨማሪ ጥናት ይምጣ በሚል ቅድመ ሁኔታ። (ፎክማን ያረፈው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው።) ተጨማሪዎቹ ጥናቶች መጡ። ያ «እጥፍ» የተባለው ልዩነት ሦስት ወር እንኳ የማይሞላ ሆነ፤ ዕድሜም አልጨመረም። በ2010 አማካሪዎቹ ይነሣ ብለው በ12 ለ1 ወሰኑ፤ ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ በሰኔ 2011 በተደረገው ችሎት እንደገና 6 ለ0። በኅዳር ኮሚሽነሯ ማርጋሬት ሃምበርግ ሰረዙት።

በዚያ ችሎት ላይ «እኔ በዚህ መድኃኒት ነው ያለሁት» ብለው የመሰከሩ ሴቶች ነበሩ። በእነሱ ላይ አልቀልድም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሄጄ እጮህ ነበር። ነገር ግን በጉዳቱ የሞተች ሴት መጥታ አትመሰክርም። ለዚህ ነው ጥናት በሁለት ወገን የሚደረገው። ከመሃላቸው በእርግጥ የተጠቀሙ ይኖራሉ ትሉኝ ይሆናል። ይኖራሉ እንበል፤ የትኛዋ እንደምትጠቀም አስቀድሞ የሚለይ ምርመራ ግን አልነበረም። አውሮፓስ ከፓክሊታክሴል ጋር እንዲሰጥ መፍቀዱን ቀጥሎ የለም ወይ? ቀጥሏል። እነሱም ቢሆኑ የተደገፉት በዚያው «ሳይባባስ» በሚለው መለኪያ ነው። ዋጋው ደግሞ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለአንዲት ሴት በዓመት 88,000 ዶላር ገደማ ነበር።

«ታዲያ የአሜሪካ ጣጣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም ከተባባሰ በኋላ ነው። «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በቴሌግራም ሲዞር የሚያነበው ቤት መሸጥን የሚያወጣና የሚያወርድ ቤተሰብ ነው። ተርጓሚው ወንድማችን ደግሞ «በሽታው ሳይባባስ የቆየበትን ጊዜ» በአንድ ቃል «ዕድሜ» ብሎ ያሳልፈዋል። ይህ የትርጉም ስህተት ብቻ መስሎ አይታየኝም፤ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ነው።

ታሞክሲፈን የሚባል አሮጌ ኪኒን አለ። ርካሽ ነው፤ ዕጢው የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ሆኖ በጊዜ የተደረሰባት ሴት ለ5 ዓመት ከወሰደችው በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። እዚህ ላይ የተለካው ሞት ነው፤ የዕጢው ፎቶ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ በተደረገ ጥናት ከታካሚዎቹ ዕጢ ከግማሽ በላዩ ይህ ተቀባይ ያለው ነበር። ለዚህች ኪኒን የፊት ገጹን የሰጠ ጋዜጣ ካያችሁ ላኩልኝ።