ልቡን ሰፍታችሁ ልጁን አትርሱት

ወገኖች፣ ዛሬ ልናገር፤ የሚከፋው ይክፋው።

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕጻናት ማዕከል አለ። እነ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ስንት ዓመት እርዳታ አሰባስበው በ2001 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ነው። ክብር ይገባቸዋል!

እኛስ? ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ «ተመስገን» ብለን ሼር አድርገን እንተኛለን። ሕክምናው እኮ ገና መጀመሩ ነው! የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ልጅ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል። መድኃኒቱ ከበዛ ይደማል፣ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ በየጊዜው ደሙ መለካት አለበት፤ አይኤንአር ይሉታል። ታዲያ የገጠር ልጅ ለዚች ምርመራ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይመላለስ? የአልጋውን ማን ይክፈል? እናትየውስ ስንት ቀን ሥራ ትፍታ?

«በጀት የለም» እንዳትሉኝ። ቫልቫቸው ከተበላሸባቸው ልጆች የብዙዎቹ መነሻ «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» ብለን የናቅነው የጉሮሮ ሕመም ነው። በጊዜው ፔኒሲሊን ቢወስዱ እዚህ ባልደረሱ። ልብ አንዴ ከተነካ ደግሞ በየሦስት አራት ሳምንቱ የቤንዛቲን መርፌ ያስፈልጋል። መርፌው ከኦፕራሲዮን አንጻር የሻይ ዋጋ ነው፤ ያውም በሻይ ዋጋ የሚተርፍ ልጅ!

ጤና ሚኒስቴርም የክልል ጤና ቢሮዎችም ስሙ፦ መርፌው ከጤና ጣቢያ አይጥፋ፣ የደም ምርመራው በቅርብ ሆስፒታል ይሠራ። ይሄ ልመና አይደለም፣ የልጆቹ መብት ነው።

እናንተም የልጅ ፎቶ ለጥፋችሁ ብር ስታሰባስቡ «ስንት ቀረ?» ብቻ አትበሉ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የት ነው የሚከታተለው? እሱን ጠይቁ።