የአንድ ሰው ሥራ ለብቻው ይታይ

በየዓመቱ መጨረሻ በአዳራሻችን የሚደረገውን የሥዕል ኤግዚቢሽን ሁላችንም እናውቀዋለን። አርባ ሠልጣኝ አርባ ሥዕል ያመጣል። ላሊበላ አለ፤ ጀበና ከነሲኒው አለ፤ የጣና ታንኳ አለ፤ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌም አይጠፋም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጎብኝቶ ያልቃል። እንግዶች በመዝገቡ ላይ «ጎበዞች ናቸው» ብለው ይፈርሙና ይሄዳሉ። ማን ነው ጎበዙ? ቢጠየቁ አንዱንም ለይተው በስሙ መጥራት አይችሉም። ሠልጣኙም ያቺን አንድ ሥዕሉን ነቅሎ፣ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ያስቀምጣታል። ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

እኛ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው ሐሳብ ሌላ ነው። የአንድ ሰው ሥራ ለብቻው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይታይ እንላለን። ክፍሉን የሚያስተዳድሩት ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ቦታውም ሸዋ ሮቢት ይሁን። «አሁን ደግሞ ምን አመጡ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ታገሡንና እስከ ታች ድረስ አንብቡ።

በመጀመሪያ፣ ሰው ብቻውን ሲያሳይ ምን ይለወጣል? አንድ ሥዕል በአጋጣሚ ሊያምር ይችላል። ከቀን መቁጠሪያ ላይም ሊገለበጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሁላችንም አይተናል። ሃያ አምስት ሥዕል ግን ሊደበቅ አይችልም። ጎን ለጎን ሲሰቀል ሠዓሊው ራሱ ከዚያ በፊት ያላየውን ያያል። የሣላቸው ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ነጠላ ውስጥ እንደደበቁ፣ ይኸውም እጅ መሣል ስላቃተው መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል። ዛፉን ሁልጊዜ በግራ ጥግ እንደሚያቆም፣ ሰማዩን ሳያስብ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እንደሚሞላ ይገባዋል። ተመልካቹም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ፊት «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ «ይሄ ልጅ መንገድ ለምን ይወዳል?» ማለት ይጀምራል። ጨዋታው የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። በአርባ ሰው ኤግዚቢሽን ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም፤ ሊነሣም አይችልም።

ይህ ለእኛ ለእጩ መምህራን የትርፍ ጊዜ ወሬ አይደለም። ነገ ተመድበን የምንሄድበት ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ቢበዛ በሳምንት አንድ ነው። እሱም ቢሆን ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ ክለሳ ሲሰጥ አይተናል። ይህን ክፍለ ጊዜ ተከራክሮ የሚያስጠብቀው መምህር ራሱ የሚሥል መምህር ነው። ደግሞስ ሥራው አንድም ቀን በሰው ፊት ተዘርግቶ ያልተመዘነ መምህር የሕፃኑን ሥዕል ከአሥር ስድስት፣ ከአሥር ስምንት እያለ በምን ሚዛን ያርማል? ከተመረቀ በሦስት ዓመቱ ብሩሹ ደርቆ የተቀመጠ ስንት መምህር እናውቃለን! ሰነፍ ስለሆነ አይመስለንም። የሚያሳይበት ቦታ፣ የሚጠብቀውም ሰው ስለሌለ ነው።

«የሥዕል ማሳያ የአዲስ አበባ ነገር ነው» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ከይፋት ቆላ በላይ፣ ደጋው ላይ ባለችው በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ እዚያ ወደ ሥዕል ተመለሱ። የመጀመሪያ የግል ትርኢታቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ኮርተንባቸዋል፤ ወደፊትም እንኮራባቸዋለን። ነገር ግን መንገዱን ልብ እንበል። የአንኮበር ልጅ ሥራውን ለማሳየት ዋና ከተማ መድረስ ነበረበት። እኛ ያን መንገድ ብቸኛ መንገድ አድርገን ቆጠርነው።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳዩ ሰዎች ግን በዚሁ በአገራችን አሉ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ለማ ጉያ የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩ፣ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ ሠዓሊ ናቸው። የሥዕል ማሳያቸውን የከፈቱት በቢሾፍቱ ነው፤ በዚያው ወጣቶችንም ያስተምሩ ነበር። ሸራ ከውጭ አገር እስኪመጣ አልጠበቁም። ቆዳውን ገበሬው ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚለፋ፣ እንዴት እንደሚወጠር ከሠዓሊው ጋር ሊከራከር ይችላል። ተመልካች የሚገኘው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ስለሚያውቀው ይቀርባል፣ ከዚያ ሥዕሉን ማየት ይጀምራል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ደግሞ ዞማ ሙዚየምን በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ግድግዳውን ያቆሙት በጭቃና በጭድ ነው። የዞማ ሥራ በከተማው ሳይወሰን ድሬዳዋ አጠገብ እስካለችው እስከ ሐርላ መንደር ደርሷል። የኤልያስ ሥራዎች ከቁልፍ፣ ከክርና ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሠሩ መሆናቸውንም «ቀለም የለንም» ለሚሉ ጓደኞቻችን በጨዋነት እናስታውሳለን።

ከአገራችን ውጭ ደግሞ አንድ የሚገርም ምሳሌ አለ። በናይጄርያ፣ ከሌጎስ ርቃ በምትገኘው በኦሾግቦ ከተማ፣ ዱሮ ላዲፖ የሚባል አስተማሪ ነበር። አዎን፣ አስተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1962 የራሱን መጠጥ ቤት ወደ ጥበብ ቤት ለወጠው። ቴአትር ተሠራበት፤ ሥዕል ተሰቀለበት፤ ለማንም ክፍት የሆነ የሥዕል ሥልጠና ተሰጠበት። ስሙ ምባሪ ምባዮ ይባል ነበር። በአካባቢው ቋንቋ «ባየነው ጊዜ ደስ ይለናል» እንደማለት ነው። የቴአትሩ የመብራት ሠራተኛ የነበረው ጂሞህ ቡራይሞህ በዚያ ቤት ሠዓሊ ሆኖ ወጣ፤ በዶቃ በሚሠራቸው ሥዕሎችም በዓለም ታወቀ። ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ሊጠግን በገባበት ቤት ነው ሠዓሊ የሆነው።

እንግዲህ ወደ ሸዋ ሮቢት እንመለስ። ለምን እሷን መረጥን? አንደኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ የይፋት ልጆች ናቸው፤ ብዙዎችም ወደዚያ ይመደባሉ። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ናት። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሙቀቱ ሲቀበለው ኮቱን የሚያወልቀው መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ ማንጎና ሽንኩርቱን ገዝቶ ያልፋል። ያን ያህል ሰው በየቀኑ የሚያይባት ከተማ አንድ የምታሳየው ክፍል ቢኖራት ምን አለበት? ሆኖም እኛ በመንገደኛው ላይ አንተማመንም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኤግዚቢሽኑ መዘጋት የለበትም። ዋናው ተመልካች የከተማው ሰው፣ የቀወት ገበሬ፣ ከአርጎባ መንደር ለገበያ የሚወርደው ሰው ነው። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያየ ሰው የይፋት ሰው ለዕቃ መልክና ለቀለም ዓይን የለውም ሊለን አይችልም። አንዲት ሴት መቀነት ስትገዛ ዳርቻውን እንዴት ገልብጣ እንደምታይ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የኤግዚቢሽን ጎብኝ እንደዚያ ቢያይልን ምን እንፈልግ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን ደረስን። በዚህ ክፍል የመጀመሪያውን የግል ትርኢት የሚያቀርበው ሰው ከእኛ ከሠልጣኞቹ መካከል ባይሆን ደስ ይለናል። አንዲት ስፌት ሰፊ እናት ትሁን። በሃያ ዓመት ውስጥ የሰፋቻቸው መሶቦች፣ ሌማቶች፣ ሙዳዮች፣ ሰፌዶች ከየዘመዱና ከየጎረቤቱ ቤት በውሰት ይሰብሰቡና በሠሯቸው ዓመት ቅደም ተከተል ይደርደሩ። በልጅነቷ የሰፋችው ጠማማ ሰፌድም ይኑር። ከስንደዶና ከአክርማ የጀመረች እጅ አለላውን መቼ እንዳበዛች፣ መቼ ደግሞ እንደቀነሰች፣ የገበያ ቀለም ሲገባ ምን እንደተለወጠ፣ ፕላስቲክ ሳህን ከመጣ ወዲህ ትልልቁን መሶብ ማን እንዳዘዛት ይታይ። በገበያ መሶብ ስም የለውም፤ «የይፋት መሶብ» ተብሎ ይሸጣል። በዚህ ክፍል ግን ከበሩ በላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። በይፋት ተዳፋት ላይ በኖራና በአስባሪ ጥንታዊ ከተሞች ፍርስራሽ ውስጥ የመስጊዶቹ የድንጋይ ግድግዳ ለዘመናት ቆሞ ኖሯል፤ ግንበኛው ግን ማን ይባል ነበር? ለስፌት ሰፊዋም ይኸው እንዳይደርስ አሁን፣ በሕይወት እያለች፣ ስሟ ይጻፍ።

እዚህ ላይ የግድ የምናነሣው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትወድም፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ፣ የጠፋው ነገር ተቆጥሯል። ቆርቆሮው፣ እህሉ፣ ከብቱ ተቆጥሯል፤ መቆጠርም ነበረበት። በግድግዳው ላይ የነበረው ስፌት፣ ሣጥን ውስጥ የነበረው የልጁ የሥዕል ደብተር በየትኛው መዝገብ ገባ? ታይቶ የማያውቅ ነገር ሲጠፋ እንኳ አይታወቅም። ሥራው ሦስት ሳምንት ተሰቅሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከነስሙ በደብተር ቢመዘገብ ኖሮ ቢያንስ ምን እንዳጣን እናውቅ ነበር።

«ለመማሪያ መጽሐፍ ያልተገኘ ገንዘብ ለሥዕል ቤት ከየት ይመጣል?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። እኛ የምንለው አንድ ክፍል ነው። ሠዓሊዎቹ አዋጥተው ይከራዩታል፤ ሥራ ከተሸጠ ከዋጋው አንድ አምስተኛው ለክፍሉ ይገባል፤ ጥበቃው በተራ ይሆናል። የሚያሳየው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ባይቀመጥ ይሻላል። ሰው በሠዓሊው ፊት እውነቱን አይናገርም።

«በሙስሊሙ ዘንድ የሰው ምስል መስቀል ያስቸግራል» ብለው የሚያስቡም አሉ። አሳሳቢነቱ ይገባናል፤ በንቀት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስፌቱን ያስቀደምነው አንዱም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሽማና የጥለት ሥራ አለ፤ የእንጨት ቅርጽ አለ። የሰው መልክ የሚሥለው ጓደኛችንም ተራው ሲደርስ ያሳያል፤ በር ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ማየት የፈለገ ይገባል።

የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ይህን በቀልድ አንለውም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወረቀት ይጠቀለላል፤ ሰም ያለበት ቀለም ይቀልጣል፤ ሙጫ ይለቃል፤ ምስጡም ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ጣሪያው ኮርኒስ ይኑረው። ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ከጀርባው ቀጭን ጣውላ ይግባበት፤ መስኮቱ በአቡጀዴ ይሸፈን። ክፍሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈት። በቀትር ሸዋ ሮቢት ላይ ሥዕል ልይ ብሎ የሚወጣ ሰው ካለ እሱን ራሱን ኤግዚቢሽን ማድረግ ነው!

ሁለት ጥብቅ ደንቦች እንዲኖሩም እንጠይቃለን። ያለቀ ሃያ ሥራ የሌለው ሰው ይቆይ፤ በዕጣም፣ በዘመድም፣ በማዕረግም ተራ አይሰጥ። ሠዓሊዎች የሚያስተዳድሩት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በዚህ ይመስለናል። መጀመሪያ አዘጋጆቹ ራሳቸው ያሳያሉ፣ ቀጥሎ ጓደኞቻቸው፣ ከዚያ የሚያሳይ ይጠፋል። ሌላው ደንብ የመክፈቻ ንግግርን ይመለከታል። በእኛ አገር ንግግሩ ከሥዕሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ክፍል ከሥራው ባለቤት በቀር ማንም አይናገር፤ እሱም ካልፈለገ ዝም ይበል። በአስተያየት መዝገቡ ላይም «በርታ» ብሎ መጻፍ ይቅር። የትኛው ሥራ ፊት ብዙ እንደቆመ፣ የትኛውን ቶሎ እንዳለፈው ይጻፍ፤ ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ጎብኝ ካለ ተረኛው ጠባቂ ጠይቆ ይጻፍለት። ሠዓሊው ከዚህ የሚማረውን ያህል ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት መማሩን እንጠራጠራለን፤ መምህሮቻችን ይቅር ይበሉን።

ከይፋት የመጣችሁ ሠልጣኝ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ሁለት ነገር አጣሩልን። በሸዋ ሮቢት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጥላ ያለው፣ ለኪራይ የሚገኝ አንድ ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። በሰፈራችሁ ካሉት ስፌት ሰፊዎች መካከልም የመጀመሪያውን ሰፌዷን እስከ ዛሬ ያስቀመጠች እናት ትኖር እንደሆነ ጠይቁ። ክፍል ያገኘ፣ ሃያ ሥራ አለኝ የሚል፣ ወይም ይህን ሐሳባችንን የሚቃወም ሰው ወረቀቱን ከዚሁ ጽሑፍ ሥር ይለጥፍ። ስሙንም ይጻፍበት።