ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል ወይ?

አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው «ልጄ ሙዚቃ ካልተማርኩ ይላል፤ ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ሰውየው ሮን ካርተር ይባላሉ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ የተወለዱትም እ.ኤ.አ. በ1937 በሚሺጋን ነው። በ10 ዓመታቸው ቼሎ መማር ጀመሩ። ቼሎ ማለት ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት፣ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው። በዲትሮይት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማሩ ግን፣ እርሳቸው እንደሚናገሩት፣ አንድ ነገር ታዘቡ። ገንዘብ የሚያስገኝ የጨዋታ ጥሪ ሲመጣ የሚላኩት ነጮቹ ልጆች ናቸው። ዙሪያቸውን ቢያዩ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ባስ ተጫዋች ሊመረቅ ነው። እርሱ ሲወጣ ሌላ ተጫዋች ስለሌለ ጥሪው የግድ ወደ እርሳቸው ይመጣል! ቼሎውን ትተው ባስ ያዙ።

ባስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው የሚጫወቱት፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ባለ 4 ክር መሣሪያ ነው። በገና የሰማ ሰው ያን ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ያውቀዋል። በጃዝ አብዛኛውን ጊዜ በጣት ይመቱታል። አድማጭ ዓይኑ ከጥሩምባው ላይ ስለሆነ ባሱን ልብ አይለውም፤ ባሱ ዝም ሲል ግን ቤቱ መሠረት ያጣ ይመስላል።

በ1959 ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመረቁ። በዚያ ሳሉ ስቶኮቭስኪ የተባሉት ዝነኛ የኦርኬስትራ መሪ ጨዋታቸውን ወደዱላቸው፤ ነገር ግን የሂዩስተን ኦርኬስትራ ቦርድ ጥቁር ሙዚቀኛ ለመቀበል ዝግጁ አይደለም አሏቸው። እንዲህ ያለ ቃል በጨዋነት ሲነገር ይበልጥ ያማል።

ወደ ኒውዮርክ ሄደው በ1961 የማስተርስ ዲግሪ ያዙ። ከ1963 እስከ 1968 ከታላቁ ጥሩምባ ነፊ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ የጠራቸውን ሁሉ አጀቡ። እስከ 2015 ድረስ በ2,221 ቅጂዎች ላይ መጫወታቸውን የጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ አረጋግጧል። ኮሌጅም አስተምረዋል። በ1991 አንድ የራፕ ቡድን ሲጋብዛቸው ስድብ እንዳይኖርበት ብለው ነው እሺ ያሉት። ይህን ለጎረምሶቻችሁ ንገሩልኝ።

ለእናትየዋ አንድ ምክር ጨመርኩላቸው። ማትናስ ለማስመዝገብ ሲሄዱ፣ የትኛው መሣሪያ ተጫዋች እንደጎደለው አስተማሪውን ይጠይቁ። ጊታርና ኦርጋን ሁሉም ልጅ ይፈልጋል፤ ለትልልቆቹ መሣሪያዎች ግን ተሰላፊው ጥቂት ነው። በውሰት ወይም በኪራይ ይገኝ እንደሆነም መጠየቅ ነውር የለውም። እሑድ ጠዋት ልጁን ይዘው እንደሚሄዱ ነግረውኛል።