ፊልድ የት ነው?

ልጅዎን «ፊልድ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? የእኔዋ ታናሽ «እማዬ፣ ቤት የማታድሪበት ቀን ነዋ!» ብላኛለች።

ባለፈው ወር ስብሰባዬ ሐዋሳ ነበር፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዓርብ ማታ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ መጣ። ቅዳሜ በማለዳ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ከጀልባ ያወርዳሉ፤ ወጣቶች በቢላ ያጸዳሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ላይ ያያሉ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጣን። በኋላ የተሰበሰብኩበትን አዳራሽም አሳየኋቸው፤ ከአባ ኮዳው ጋር ግን የሚወዳደር አልሆነም።

እርስዎም ስብሰባዎ ዓርብ የሚያልቅ ከሆነ ቤተሰብዎን ይጥሩ። ልጅ ወላጁ የሚሄድበትን ቦታ ካወቀ መጠበቁ ይቀልለታል።